የገጠር ጀርመን ኑሮ በደብረ ማርቆስ ክፍል ውስጥ፦ የአንድ የዝግጅት ሥልጠና ግምገማ

ለሙያ ሥልጠና ወደ ጀርመን ለመሄድ የሚሰናዱ የጎጃም ወጣቶች አገሩን ሲያስቡ በዓይናቸው የሚመጣው በርሊን ወይም ፍራንክፈርት ነው። ሠልጣኝ አጥተው ከውጭ አገር የሚቀበሉት የአረጋውያን መንከባከቢያዎች፣ ዳቦ ቤቶችና ሆቴሎች ግን በርካቶቹ ያሉት የነዋሪያቸው ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት ሺህ በሆነ የገጠር መንደሮች ውስጥ ነው። በደብረ ማርቆስ ከቋንቋ ትምህርት ጋር ተያይዞ የሚሰጥ አንድ የአኗኗር ዝግጅት ሥልጠና ይህን እውነታ መነሻው በማድረጉ እኔ ከማውቃቸው ሌሎች ይለያል። የእኅቴን ልጅ ክፍያ የሸፈንሁት እኔ በመሆኔ፣ ገንዘቤ ምን ላይ እንደዋለ ለማየት አሠልጣኟን አስፈቅጄ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ተከታተልሁት። ማስታወቂያም ክስም እንዳይመስልብኝ የድርጅቱን ስም ትቼዋለሁ፤ ከተማው ትንሽ ስለሆነ የፈለገ ሰው ጠይቆ አያጣውም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሥልጠናው የአንድ ትንሽ ጀርመንኛ ተናጋሪ መንደር አስተዳደርና ማኅበራዊ ኑሮ በምን ላይ እንደቆመ በማስረዳት ረገድ ከተከፈለበት ዋጋ በላይ ነው፤ መንደሩ ለእንግዳ ሰው ምን ያህል ሩቅና ጭር ያለ ሊሆን እንደሚችል በማሳየት ረገድ ግን ከዋጋው በታች ነው።

ስለ ቋንቋው ክፍል ብዙ የምለው የለኝም። ለአውስቢልዱንግ፣ ማለትም በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት እየተፈራረቀ ለሚሰጠው የሙያ ሥልጠና፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ቢ1 የሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ስለሆነ ትምህርቱ ሁሉ ወደዚያ ያተኮረ ነው፤ መምህሩም ሰዓቱን አክብሮ ይገባል፣ አክብሮ ይወጣል። ክፍያው በከተማው ካሉ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያዎች ከፍ ያለ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ትምህርቱ እንዳይስተጓጎል ጽሑፎቹ በሙሉ ታትመው በጥራዝ መሰጠታቸው ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ለዚህ አካባቢ ተማሪ ከማንኛውም የስልክ መተግበሪያ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

የአኗኗሩን ክፍል የሚሰጡት በደቡብ ጀርመን ገጠር በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ለዓመታት ሠርተው የተመለሱ መምህርት ናቸው። ከሁሉ የሰፋውን ጊዜ የሰጡት ጌማይንደ ለሚባለው የአካባቢ አስተዳደር ሲሆን፣ ምርጫቸው ትክክል ነበር። ጀርመን ከ10 ሺህ በላይ፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ2 ሺህ በላይ ጌማይንደዎች አሏቸው። ከእነዚህ መካከል ትልልቅ ከተሞች እንዳሉ ሁሉ፣ በሰሜን ባሕር ላይ እንደምትገኘው እንደ ግሮደ ያሉ ነዋሪዎቻቸው ሃያ የማይሞሉም አሉ። ተማሪዎቹ ነገሩን በመጀመሪያ የተረዱት እንደ ቀበሌ አድርገው ነበር፤ መምህርቷም ልዩነቱን ለማሳየት የጀመሩት ከገንዘቡ ነው። ቀበሌ በጀቱን ከወረዳ ይጠብቃል። ጌማይንደ ግን እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቀው የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 28 የራሱን ጉዳይ በራሱ ኃላፊነት የማስተዳደር መብት ያረጋገጠለት በመሆኑ፣ በመሬትና በቤት እንዲሁም በንግድ ድርጅቶች ላይ የሚጣለውን ግብር መጣኔ ምክር ቤቱ ራሱ ይወስናል፤ ከነዋሪዎቹ የገቢ ግብርም 15 በመቶው ለጌማይንደዎች ይከፋፈላል። በምላሹ ውኃና ፍሳሽ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሕንፃ፣ የመንደሩ መንገድና የመቃብሩ ቦታ የእርሱ ኃላፊነት ናቸው። በትንንሾቹ መንደሮች ከንቲባው ደመወዝተኛ አይደለም፤ መጠነኛ አበል እየተቀበለ ቀን የራሱን ሥራ ሠርቶ ማታ የመንደሩን ጉዳይ የሚያይ ሰው ነው፤ ጽሕፈት ቤቱንም በርከት ያሉ መንደሮች በጋራ ይጠቀሙበታል።

ይህ ሁሉ በንግግር ብቻ ቢቀርብ ኖሮ ተማሪው ያንቀላፋ ነበር። መምህርቷ ግን ክፍሉን የመንደር ምክር ቤት አደረጉትና፣ ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ሆኖ ሳለ የመዋዕለ ሕፃናቱ ጣሪያ ይታደስ ወይስ የእሳት አደጋ መኪና ይገዛ የሚለውን እንዲወስኑ አዘዙ። ከቢቸና የመጣ አንድ ልጅ ወዲያው ተነሥቶ «ሕዝቡ ያዋጣና ሁለቱንም እንሠራለን» አለ፤ ክፍሉም አጨበጨበለት። መምህርቷ ቤት ለቤት ዞሮ መዋጮ መሰብሰብ በዚያ አገር ምክር ቤት እንደማይሠራበት፣ ገንዘብ ከተፈለገ የቤትና የመሬት ግብሩን መጣኔ በይፋ ስብሰባ ከፍ ማድረግ እንደሚያስፈልግ፣ ያን ያደረገ ተመራጭም በሚቀጥለው ምርጫ እንደሚጠየቅበት አስረዱት። ልጁ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ጣሪያው ይበቃል» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር በእኛ ከተማ አዳራሾች ከሰማኋቸው ስብሰባዎች የተሻለ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የስዊዘርላንዱ ሁኔታ ለብቻው መነሣቱም ተገቢ ነበር። በዚያ በአብዛኞቹ ጌማይንደዎች የበላይ ሥልጣን ያለው የመምረጥ መብት ያላቸው ነዋሪዎች የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ነው፤ በጀቱንም የግብሩንም መጠን እጅ አውጥተው ያጸድቃሉ። ካንቶን ከሚባሉት የአገሪቱ ክፍለ ግዛቶች አንዱ በሆነው በግላሩስ እ.ኤ.አ. በ2006 በአደባባይ የተሰበሰበው የመራጮች ጉባኤ 25 የነበሩትን ጌማይንደዎች ወደ ሦስት እንዲጠቃለሉ ወስኖ፣ ውሳኔው ከ2011 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የእኅቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «ባለሥልጣኖቹስ እሺ አሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ሁላችንንም አሳቀን።

ሁለተኛው የሥልጠናው ጥንካሬ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ተከላካዮችን የሚመለከተው ክፍል ነው። ጀርመን ውስጥ ደመወዝተኛ የእሳት አደጋ ብርጌድ ያላቸው ከተሞች ከመቶ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ በሌላው ቦታ ሁሉ እሳት የሚያጠፋው ዳቦ ጋጋሪው፣ መካኒኩ፣ ገበሬውና አስተማሪው ነው፤ ቁጥራቸውም በመላ አገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። በኦስትሪያ ደመወዝተኛ ብርጌድ ያላቸው ስድስት ከተሞች ብቻ ናቸው። በአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ በ112 ተደውሎ ጥሪው ሲደርስ ሰውየው ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፤ አሠሪው ሊከለክለው ወይም ከደመወዙ ሊቀንስበት አይችልም። በቂ ፈቃደኛ ከጠፋ ጌማይንደው ነዋሪውን በግዴታ ሊመለምል የሚችልበት ሕግ አለ። በብዙ የስዊዘርላንድ ካንቶኖች ደግሞ አገልግሎቱ ከመነሻው ግዴታ ነው፤ የማያገለግል ሰው ምትክ ክፍያ ይከፍላል። ከደምበጫ የመጣች ተማሪ «ዕድር ቀርቶ መቀጫ እንደመክፈል ነው» ስትል መምህርቷ ሳይቀበሏት አልቀሩም።

ይህ ክፍል ለሠልጣኙ የሚሰጠው ጥቅም የመንደሩን በር የሚከፍተው ምን እንደሆነ ማሳየቱ ነው። በእንዲህ ያለ መንደር ሰው ጎረቤቱን ለቡና አይጠራም፤ ሳይቀጠር ሄዶ በር የሚያንኳኳም ብዙ አያጋጥምም። ትውውቅ የሚጀምረው ፌራይን በሚባሉት ማኅበራት ውስጥ ነው፤ የእግር ኳስ፣ የነሐስ ሙዚቃ፣ የዒላማ ተኩስ፣ የገበሬ ሴቶች ማኅበር እያለ ይቀጥላል። ማኅበሩ በፍርድ ቤት መዝገብ እንዲገባ ቢያንስ ሰባት አባላት ያስፈልጉታል፤ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥም ይኖሩታል። ጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴና ዕድር ባለበት ቀዬ ያደገ የጎጃም ልጅ ለዚህ ሥርዓት ከከተሜው አውሮፓዊ ይልቅ ዝግጁ ነው የሚለው የመምህርቷ አስተያየት ትክክል ይመስለኛል። እንጅባራ የተወለደ አንድ ተማሪ በባየርን ግዛት በትራውንሽታይን ከተማ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክብር የሚደረገውን የፈረሰኞች ጉዞ ፎቶግራፍ ባየ ጊዜ፣ ጥር 23 ቀን የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል እስከ ፈረሱ ጌጥ ድረስ ዘርዝሮ አወራ። መምህርቷም ጊዜ አለቀ ሳይሉ አስጨረሱት።

ስለ ራይፋይዘን የተሰጠው ክፍለ ጊዜ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ራይፋይዘን እ.ኤ.አ. በ1818 የተወለደ፣ በቬስተርቫልድ አካባቢ የቫየርቡሽ መንደርና የዙሪያዋ ከንቲባ የነበረ ሰው ነው። በ1846 እና 1847 መካከል በነበረው የረኀብ ክረምት መንግሥት የላከለትን ዱቄት በጥሬ ገንዘብ እንዲሸጥ ታዝዞ ሳለ፣ ገንዘብ ለሌለው በዱቤ ሰጠ፤ ሀብታሞቹን አስተባብሮ የዳቦ ማኅበር አቋቋመ፤ የጋራ ዳቦ መጋገሪያም አሠራ። ይሁን እንጂ ምጽዋት ያሰበውን ያህል ዘላቂ እንዳልሆነ፣ የሰጪዎቹም እጅ እያደር እንደሚዝል ተረዳና በ1864 በሄደስዶርፍ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚቆጥቡበት፣ ራሳቸው የሚበደሩበትና ለዕዳው በጋራ የሚጠየቁበት የብድር ማኅበር መሠረተ። ዛሬ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ገጠር በየመንደሩ የምናያቸው የራይፋይዘን ባንኮች የዚያ ልጆች ናቸው፤ የስዊዘርላንዱ የመጀመሪያ ማኅበር በ1899 በቢሸልዜ መንደር የተቋቋመው በአንድ ቄስ አነሣሽነት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሐሳብ ራሱ በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ለምን ይህን ያህል እንደወደድሁት ልናገር። እኛ ዘንድ ስለ ፈረንጅ አገር ሲወራ ሀብቱ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ተማሪዎቹ ግን በዚህ ክፍለ ጊዜ የሰሙት ከዘር እስከ አጨዳ በአራጣ አበዳሪ እጅ ስለወደቀ ገበሬ፣ ድንች በበሽታ ስለጠፋበት ዘመን፣ ዋስ ሆኖ ስለሚፈርም ጎረቤት ነው። ዕቁብን፣ ደቦንና ወንፈልን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ትርጁማን አያስፈልገውም። መምህርቷ ልዩነቱን አልሸሸጉም፤ ዕቁብ በመተማመን ላይ የቆመ ሲሆን የራይፋይዘን ማኅበር መዝገብ፣ ኦዲተርና ሕግ ነበረው። በአሁኑ ጊዜም የመጨረሻው ሱቅ የተዘጋባቸው አንዳንድ መንደሮች ነዋሪዎች አክሲዮን እየገዙ የጋራ ሱቅ እንደሚከፍቱ ነገሩን። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ ሱቁ፣ ሐኪሙና ትምህርት ቤቱ ተከታትለው እንደሚሄዱ፣ የእኛ ልጆች ወደዚያ የሚጠሩትም ስለዚሁ እንደሆነ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገም።

የቤት ውስጥ ደንቦቹ ባጭሩ ቢቀርቡም ተግባራዊ ነበሩ። አራት ባልዲ ተደርድሮ፣ ከሙዝ ልጣጭ እስከ ተቀደደ ካልሲ ያለውን ቆሻሻ ተማሪው በየተራ እንዲለይ ተደረገ፤ የባልዲው ቀለምና የሚወሰድበት ቀን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የጌማይንደውን የቆሻሻ ቀን መቁጠሪያ ፍሪጅ ላይ መለጠፍ እንደሚገባ ተነገረ። አብዛኛው የላስቲክ ጠርሙስ ሲመለስ የሚከፈል 25 የዩሮ ሳንቲም መያዣ ስላለው አይጣልም። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ የዕለቱን ዕረፍት መሠረታዊ ሕጉ ራሱ ይጠብቀዋል፤ ጠርሙስ ወደ መስታወት ማጠራቀሚያ መወርወርም በዚያ ቀን ክልክል ነው። ከ22 ሰዓት እስከ ንጋቱ 6 ሰዓት ድምፅ አይሰማም፤ ሰዓቱ የእነሱ አቆጣጠር መሆኑን ደጋግመው ያስጠነቀቁት ያለ ምክንያት አይደለም። በረዶ ሲጥል ከደጃፍ ያለውን የእግረኛ መንገድ ሰው ሳይነሣ መጥረግ የባለቤቱ ግዴታ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በኪራይ ውሉ ወደ ተከራዩ ይተላለፋል። ክፍሉን ከሁሉ ያስደነገጠው ግን መቃብር የሚሰጠው ለተወሰኑ ዓመታት በክፍያ መሆኑና ጊዜው ሲያልፍ ቤተሰቡ ካላሳደሰው ቦታው ለሌላ መሰጠቱ ነው። ከኋላዬ የነበሩ አንድ አባት አማተቡ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። በክፍሉ ግድግዳ ላይ «የጀርመን ገጠር» የሚል ጽሑፍ የተጻፈበት ትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል፤ ሐይቅ ዳር ተራራ ተደግፈው የቆሙ የእንጨት ቤቶች ይታዩበታል። ያ መንደር ሃልሽታት ነው፤ የሚገኘውም በጀርመን ሳይሆን በኦስትሪያ ነው። በጨው ማዕድኑ የታወቀ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ነዋሪው ከስምንት መቶ ያነሰ ሆኖ ሳለ ጎብኚ የሚያጥለቀልቀው፣ ቻይናውያን በ2012 ቅጂውን በጓንግዶንግ የሠሩት መንደር ነው። ይህን አይቶ የሄደ ልጅ በሜዳ መሀል የበቆሎ እርሻ፣ የከብት በረትና ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የነፋስ ማማ ያለበት መንደር ሲደርስ ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም።

ከፖስተሩ የከፋው በጥራዙ ውስጥ ያለው ስሕተት ነው። ጥራዙ አዲስ መጤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለጌማይንደው ወይም ለጋራው ጽሕፈት ቤት መኖሪያውን ማስመዝገብ እንዳለበት፣ ለዚህም አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ እንደሚያስፈልገው ይናገራል። ይህ ለጀርመን ትክክል ነው። ነገር ግን ርእሱ ሦስቱንም አገሮች የሚያጠቃልል ሆኖ ሳለ በኦስትሪያ የጊዜው ገደብ ሦስት ቀን ብቻ መሆኑ አልተጻፈም። ኦስትሪያ የሚሄድ ተማሪ በዚህ ተማምኖ ቢዘገይ ቅጣት ሊገጥመው ይችላል።

ስለ አካባቢ ንግግር ዘይቤ ምንም አለመባሉም ገርሞኛል። ፈተናው የሚፈትነው መደበኛውን ጀርመንኛ ነው፤ በባየርን ገጠር ያሉ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ግን ሲያማቸው የሚናገሩት በዚያ አይደለም፤ በስዊዘርላንድም ጽሑፉ መደበኛ ሆኖ ንግግሩ ሌላ ነው። አረጋውያንን ሊንከባከብ ለሚሄድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ያውም መምህርቷ ዘይቤውን በልምድ የሚያውቁት ሆነው ሳለ።

መጓጓዣው እንዲሁ በሁለት ዐረፍተ ነገር ታለፈ። በብዙ መንደሮች አውቶቡሱ የሚመጣው የተማሪዎችን ሰዓት ጠብቆ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በጀርመን የሚያገለግለው መኖሪያ ከተያዘ በኋላ ለስድስት ወር ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ወስዶ መለወጥ ግድ ነው፤ የጽሑፍ ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም። በብስክሌት ያደገ የባሕር ዳር ልጅ በበጋው ይወጣው ይሆናል፤ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ዐሥር ሰዓት ገደማ በምትጠልቅበት በታኅሣሥ ግን እንጃ። ከዚህ ጋር የተያያዘውን ትልቁን ጉዳይ በዕረፍት ሰዓት ለመምህርቷ አንሥቼላቸው ነበር፤ የተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ያሉት በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ስለሆነ፣ እሑድ አውቶቡስ የሌለው መንደር የሚኖር ልጅ ቅዳሴ የሚያገኘው እንዴት ነው? የጾም ምግብስ? «ጋሼ፣ እሱን ብናገር ግማሹ ይቀርብኛል» አሉኝ በግልጽነት። ግልጽነታቸውን አከብራለሁ፤ መልሱ ግን የሚያሳምን አይደለም። የሚቀር ልጅ ካለ እዚህ ሆኖ ቢቀር ይሻለዋል።

ሥልጠናውን የምመክረው ውል በእጁ ለገባ ወይም ሊገባ ለተቃረበ፣ የሚሄድበትም መንደር ለታወቀ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው የመንደሩን ስም ይዞ ቢመጣ መምህርቷ የነዋሪውን ብዛት፣ የአውቶቡሱን ሰዓትና ያሉትን ማኅበራት አብረውት ይፈልጋሉ፤ ለእኅቴ ልጅም እንዲሁ አድርገውለታል። ገና የመጀመሪያውን የቋንቋ ደረጃ ለጀመረ ግን ክፍያው ይከብዳል፤ የቋንቋውን ክፍል ብቻ ለይቶ መመዝገብ እንደሚቻል ማስታወቂያው ላይ ስለማይታይ ጠይቁ። የምዝገባውን ስሕተት ካመለከትሁ በኋላ በቀሩት ጥራዞች ላይ በእስክሪብቶ ታርሟል፤ ከዚያ በፊት የወሰዳችሁ ግን ያላችሁ ያልታረመው ስለሆነ፣ ኦስትሪያ የምትሄዱ ከሆነ «ሁለት ሳምንት» የሚለውን ሰርዛችሁ «ሦስት ቀን» ብላችሁ ጻፉበት።